የፍሬን ጥሪ የሚያበቃው ሞተር ብስክሌቱ ሲጠገን ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

አምራቾች በፍሬን ጉድለት ምክንያት ሞተር ብስክሌቶችን ለጥገና ሲጠሩ ዜናው ብዙውን ጊዜ በተጠሩት ብዛት ተጀምሮ በዚያው ያበቃል። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ በእርግጥ ተጠገነ ብሎ ተከታትሎ የሚዘግብ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

የፍሬን ጉድለት ነጂውን ያዘናጋል። የተቃጠለ መብራት ይታያል፣ የላላ ሰንሰለት ይሰማል፤ በፍሬን መስመር ውስጥ የተጠራቀመ ጋዝ ግን የፍሬን እጀታው አንድ ቀን ያለ አንዳች ጥንካሬ እስኪገባ ድረስ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ብቻ ከ210 ሺህ በላይ ጂኤስኤክስ-አር ሞተር ብስክሌቶችን የጠራው በዚህ ምክንያት ነበር። በፊት ፍሬን ማስተር ሲሊንደር (እጀታው ሲጨበጥ ዘይቱን ወደ ፍሬኑ የሚገፋው ክፍል) ውስጥ ያለው ፒስተን በአሮጌ የፍሬን ዘይት እየተበላ ጋዝ ያመነጫል፤ ጋዙም በቀላሉ መውጣት ስለማይችል እዚያው ይከማቻል። ጋዝ እንደ ዘይት ሳይሆን ሲጫኑት ስለሚታመቅ የነጂው ጉልበት ጎማው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት በዚህ ጉድለት ክፉኛ የተጎዳ አንድ ነጂ፣ ዘይቱን ለዓመታት ባለመቀየሩ ከፊል ጥፋተኛ ቢባልም፣ ኩባንያውን በፍርድ ቤት ረትቷል፤ የጥሪው ደብዳቤ የደረሰው ግን ከአደጋው ሁለት ወር ገደማ በኋላ ነበር።

እጀታው ለስልሶበት ወደ ጋራዥ የሄደ ሰው አየሩን አስወጥተው ዘይቱን ሲቀይሩለት ደህና ፍሬን ይዞ ይመለሳል። ጋዙን የሚያመነጨው ፒስተን ግን ባለበት ነው፤ ስለዚህ ያው ጉድለት ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል። ጥሪ የወጣበትን ብስክሌት በተለመደው ጥገና አልፎ «ፍሬኔ ደህና ይይዛል» ማለት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። በብዙ ሞተር ብስክሌቶች የፊትና የኋላ ፍሬን መስመሮች የተለያዩ ስለሆኑ የፊቱ ሲከዳ የሚቀረው የኋላው ብቻ ነው፤ ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ደግሞ የኋላው ጎማ ብቻውን ብዙ አይዝም።

ደብዳቤው ለማን እንደሚላክም ማሰብ ያሻል። ሃርሊ-ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም ዙሪያ 251 ሺህ ያህል ኤቢኤስ (ሲቆም ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት) የተገጠመላቸው ብስክሌቶችን የጠራው፣ ዘይቱ በየ2 ዓመቱ ካልተቀየረ በኤቢኤሱ ቫልቮች ላይ ዝቃጭ ተጋግሮ ፍሬኑ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊከዳ ስለሚችል ነበር። የተጠሩት እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2011 ያሉት ሞዴሎች ናቸው። ከምርቱ እስከ ጥሪው ባሉት ዓመታት ውስጥ አንድ ብስክሌት ሁለትና ሦስት ባለቤት ሊቀያይር ይችላል፤ የመጀመሪያው ገዢ አድራሻ ብቻ በእጁ ያለ አምራች ደብዳቤውን ልኬያለሁ ቢልም የሚነዳው ሰው አልሰማም። ስለዚህ ያገለገለ ብስክሌት ስም ሲዛወር 17 ፊደላትና አሃዞች ያሉት የሻንሲ ቁጥር ከጥሪ መዝገብ ጋር እንዲመሳከር፣ ያልተጠገነ ከሆነም ገዢው ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ እንዲነገረው ግዴታ ቢደረግ እመኛለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ፍሬኑ ሊከዳ ይችላል የተባለ ሰው ብስክሌቱን ራሱ እየነዳ ወደ ጥገና እንዲያመጣ መጠበቁ ነው። ጥገናው ነጻ መሆኑ ተገቢ ነው፣ ነገር ግን አይበቃም። አምራቹ ብስክሌቱን በመኪና አስጭኖ መውሰድ፣ መለዋወጫው ገና ካልደረሰም «አይነዳ» ብሎ በግልጽ ቋንቋ መናገርና እስከዚያው ባለቤቱ የሚገለገልበትን ነገር ማዘጋጀት አለበት። ሠርቶ አዳሪ የሆነ ነጂ ያለ ብስክሌቱ ሳምንታት መቀመጥ ስለማይችል፣ ይህ ካልተሟላለት ማስጠንቀቂያውን እያወቀ መንዳቱን ይቀጥላል።

የዝግጅት ክፍላችሁም ወደፊት የፍሬን ጥሪ ሲዘግብ የሞዴሉን ስም፣ የተመረተበትን ዓመትና የሻንሲ ቁጥሮቹን ወሰን አብሮ እንዲያትም፣ ከ6 ወር በኋላም አምራቹን ስንቱን እንደጠገነ ጠይቆ መልሱን እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተር ብስክሌት ነጂ