ግልጽ ደብዳቤ፦ ታርጋዬን ተረክባችሁ ወረቀት ሰጣችሁኝ፤ ወረቀቱን ግን የሚያውቀው የለም

ለተሽከርካሪ ሠሌዳ ለውጥ ሥራ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ የምጽፈው አራተኛ ደብዳቤ ነው። የቀደሙትን ሦስቱን በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቼ፣ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፌ፣ ቅጂያቸውን በፋይሌ ይዣለሁ። የመጀመሪያው በጥር መግቢያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዚህ በታች የምገልጸው በደል ከደረሰብኝ በኋላ በየካቲት ማብቂያ የገቡ ናቸው፤ ለአንዳቸውም በጽሑፍ ቀርቶ በቃል እንኳ መልስ የሰጠኝ የለም። በአካል በቀረብኩ ቁጥር «ደብዳቤው ተመርቷል» ከመባል ያለፈ ነገር አልሰማሁም። ለማን እንደተመራ፣ የተመራለትስ ምን እንዳደረገበት የሚነግረኝ ስላጣሁ፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

እኔ የጅማ ከተማ ነዋሪ ነኝ። አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና አለኝ፤ ኮድ 3፣ አረንጓዴ ታርጋ የነበራት። በቡና ወቅት ከሊሙ፣ ከጎማና ከጌራ ወደ ጅማ፣ ከጅማም ወደ አዲስ አበባ ቡና አመላልስባታለሁ፤ ወቅቱ ሲያልፍ በቆሎም ሆነ ሲሚንቶ የተገኘውን እጭናለሁ። የእኔ፣ የሾፌሬና የረዳቴ ቤት፣ ሦስት ጓዳ፣ በዚህች አንዲት መኪና ይተዳደራል። የባንክ ዕዳዋም ገና አላለቀም።

አዲሱ ሠሌዳ መወራት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በከተማችን ስለ እሱ ያልተናገረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በጅማው መርካቶ ሻይ ቤቶች፣ በአጂፕ ሰፈር የባጃጅ ሰልፍ ላይ፣ መኪና በምናሠራባቸው ጋራዦች ሁሉ ወሬው እሱ ነበር። ገና በፎቶግራፍ አይተውት መልኩን የወደዱ ነበሩ፤ «አሮጌው ምን ጎደለውና ነው ዳግመኛ ክፈሉ የምንባለው?» ያሉም ነበሩ፤ እነዚህኞቹ የሚበዙ ይመስለኛል። ቀለሙ ያሳሰባቸውም አሉ። በአሮጌው ሠሌዳ ኮድ 1 ቀይ፣ ኮድ 2 ሰማያዊ፣ ኮድ 3 አረንጓዴ፣ ኮድ 4 ጥቁር መሆኑን ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ሳይቀሩ ለይተው ያውቁታል። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ልጃቸው በባጃጅ ተገጭቶ ባጃጁ ባመለጠ ጊዜ፣ ቁጥሩን ማንበብ ባይችሉም ቀለሙንና የመጨረሻውን አኃዝ ቅርጽ በጣታቸው መሬት ላይ ሥለው ለፖሊስ አሳይተዋል። ሠሌዳ ለሰዎች ምን ያህል ቅርብ ነገር እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከሁሉ የበለጠ ክርክር የተነሣው ግን የክልል መጠሪያ ከሠሌዳው ላይ በመነሣቱ ነው። በዚህ ላይ የራሴን አቋም ሳልሸሽግ ልናገር፤ እኔ ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ሃያ ዓመት ያህል በጭነት ሥራ ላይ ስቆይ፣ ከክልሌ ወጥቼ በሄድኩበት መንገድ ሁሉ ታርጋዬ ላይ ያሉት ሁለት ፊደሎች ከእኔ ቀድመው ይናገሩ ነበር። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደጫንኩ ሳይጠየቅ፣ ፊደሉ ታይቶ ብቻ ከመንገድ ዳር እንድቆም የተደረግኩባቸውን ቀናት አልረሳቸውም፤ ከሌላ ክልል ወደ እኛ የመጡ ሾፌሮችም እንዲሁ ሲደረጉ በዓይኔ አይቻለሁ። በአዲሱ ሠሌዳ ላይ በክልል መጠሪያ ምትክ የገባው «ኢት» የሚለው መለያም ለእኛ ለጭነት ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ለዓመታት ለጥፈውት ኖረዋል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ለውጡን ከሚጠላ ሰው የመጣ ተደርጎ እንዳይታይ አደራ እላለሁ። እንዲያውም ጎረቤቶቼ «ቆይ፣ ሌላው ሲቀይር እናያለን» ሲሉ፣ እኔ ጥሪውን ሰምቼ ከቀዳሚዎቹ ጋር የተሰለፍኩ ነኝ። የተጎዳሁትም ቀድሜ በመታዘዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ወር፣ የቡናው ሥራ በሚጦፍበት ጊዜ፣ አንድ ሙሉ ቀን ሥራ አስቀርቼ መኪናዋን ሠሌዳ ወደሚቀየርበት ግቢ ይዤ ቀረብኩ። የሚፈለግብኝን ክፍያ ከፍዬ ደረሰኝ ተቀበልኩ። አንድ ሠራተኛ ካቻቢቴ ይዞ መጣና የፊቱንም የኋላውንም ታርጋ ፈትቶ፣ በግድግዳው ጥግ ከተከመሩት አሮጌ ታርጋዎች ላይ ጨመረው። በምትኩ አዲሱን ሠሌዳ የሚሰጠኝ መስሎኝ ስጠብቅ፣ በመስኮት የተሰጠኝ ግማሽ ገጽ ወረቀት ነበር። በወረቀቱ ላይ አዲሱ ቁጥሬ በእጅ ተጽፏል፤ ክብ ማኅተም ተመቷል፤ «ለ30 ቀን ያገለግላል» ይላል። ሠሌዳው እስኪመጣ ድረስ ይህንኑ በመስታወት ላይ እንድለጥፍ ተነገረኝ። አሮጌው ቁጥሬ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም፤ ለምን እንዳልተጻፈ ብጠይቅ «ያ ቁጥር ከእንግዲህ የለም» አሉኝ።

30 ቀኑ ሲሞላ ተመልሼ ሄድኩ፤ ሠሌዳው አልመጣም፣ ወረቀቱ ታደሰ። በሁለተኛው ወር ሲስተም የለም ተባለ፤ በማግስቱ ስመለስ ቀኑ ብቻ በእስክሪብቶ ተሰርዞ ሌላ ቀን ተጻፈበት። እንዲህ እያለ ወራት አለፉ። ረዳቴ ወረቀቱን በፕላስተር ከጋቢናው መስታወት በስተውስጥ ለጥፎት ስለነበረ፣ የጠራራው ፀሐይ ጠርዙን አጠፈው፣ የማኅተሙን ቀለም አፈዘዘው፣ በእጅ የተጻፈውም ቁጥር ከቅርብ ካልሆነ የማይነበብ ሆነ። አዲስ ወረቀት ይጻፍልኝ ብዬ በጥር ያመለከትኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ የሚናገረው ስለዚሁ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ የመኪና ቁጥር በሠሌዳው ላይ ብቻ የሚኖር ነገር አይደለም። በሊብሬዬ ላይ ተጽፏል። በሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሴ ላይ ተጽፏል። መኪናዋን መያዣ አድርጎ ብድር በሰጠኝ ባንክ ውል ውስጥ አለ። በቡና ሥራ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ወረቀት አለ፤ እርሱም መሸኛ ነው። ቡና ያለ መሸኛ ከዞን ዞን አይንቀሳቀስም፤ በመሸኛውም ላይ የቡናው ዓይነትና መጠን፣ የሚነሣበትና የሚደርስበት ቦታ፣ የጫነውም መኪና የሠሌዳ ቁጥር ይሰፍራል። በኬላ ላይ የሚቆመው ሰው የሚያደርገው ቼክ ቀላል ነው፤ የመሸኛውን ቁጥርና የመኪናውን ቁጥር ያስተያያል፤ ከተገናኙ ያሳልፋል፣ ካልተገናኙ ያስቆማል። እናንተ ከመኪናዬ ላይ ያነሣችሁት ቁጥር በእነዚህ መዝገቦች ሁሉ ውስጥ እስከ ዛሬ እየኖረ፣ አዲሱ ቁጥር የሚታወቀው በዚያች በጠወለገች ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

በየካቲት አጋማሽ 72 ኩንታል የታጠበ ቡና ጭነን ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ተነሣን። መሸኛውን የጻፈው ሠራተኛ ቁጥሩን የወሰደው ከሊብሬው ነው፤ አዲሱን ቁጥር በወረቀቱ ላይ ባሳየውም ከሊብሬው ውጪ መጻፍ እንደማይችል ነገረኝ፤ እውነቱንም ነው። ሰርቦንና አሰንዳቦን አልፈን ሲመሽ ከመንገዱ ኬላዎች በአንዱ ላይ ቆምን። አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ መሸኛውን ተቀብሎ ወደ መኪናዋ ፊት ሄደ፤ ታርጋ የለም። ወደ ኋላ ዞረ፤ የለም። ወደ ጋቢናው ተመልሶ ባትሪውን በመስታወቱ ላይ ያለችው ወረቀት ላይ አበራ፤ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያም መሸኛውን ከጎኑ አስጠግቶ አንድ በአንድ አመሳከረ። «አባባ፣ ይህ ቁጥርና ያ ቁጥር አይገናኙም። ይህን ወረቀትም ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም» አለኝ። አልተቆጣም፣ ክብሬንም አልነካም። በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም አላሳልፍም ነበር፤ ታርጋ የሌለው መኪና፣ በሌላ ቁጥር የተጻፈ መሸኛ፣ ሙሉ ጭነት ቡና ሌሊት ሲያገኝ ሕገ ወጥ ንግድ ነው ብሎ መጠርጠር ሥራው ነው።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ቆምን። ሌሊቱን የበልግ መግቢያ ዝናብ ጣለ። ሸራው ከአንድ ወገን ላልቶ ስለነበረ ረዳቴና ሾፌሬ በዝናቡ ውስጥ ጆንያ ላይ ወጥተው በእጃቸው ይዘው ሊያቆሙት ሞከሩ፤ ስምንት ጆንያ ከላይ ረጠበ። ቡና የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ እርጥበቱ ከ12 በመቶ እንዳያልፍ በማድረቂያ አልጋ ላይ በስንት ጥንቃቄ የደረቀ ቡና በአንድ ሌሊት ለሻጋታና ለጠረን ይጋለጣል። ጠዋት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደጋግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ ያነሣው ሰው ወረቀቱ የእናንተ መሆኑን ለኬላው በስልክ እንዲያረጋግጥልኝ ብለምነው፣ በስልክ ማረጋገጫ እንደማይሰጥ፣ ደብዳቤ ጽፌ በአካል እንድቀርብ ነገረኝ። እኔ ከመኪናዋ ጋር ተይዤ እያለሁ ማለት ነው። የለቀቁን የቡናው ባለቤት ከጅማ ሰው ልኮ፣ ሌላ መሸኛ ተጽፎ ከመጣ በኋላ ነው። ያለ ሠሌዳ በማሽከርከርም ተቀጥቻለሁ። የረጠቡትን ስምንት ጆንያዎች ኪሳራ ባለቤቱ ከጭነት ዋጋዬ ላይ ቆረጠ፤ ላደርገውም የምችለው መከራከሪያ አልነበረኝም።

ያለ ሠሌዳ በማሽከርከር የሚለውን ቃል በክስ ወረቀቱ ላይ ባነበብኩ ጊዜ የተሰማኝን በሥርዓት መግለጽ ይቸግረኛል። ሠሌዳዬን ያነሣው ማን ነው? የዕድሜዬን እኩሌታ በመንገድ ላይ ሳሳልፍ አንድም ቀን ያለ ታርጋ ነድቼ አላውቅም። መንግሥት «ቀይር» ሲለኝ ቀየርኩ፤ መንግሥት «ይህን ለጥፍ» ሲለኝ ለጠፍኩ፤ መንግሥት ራሱ በሌላ እጁ በዚያው ቀጣኝ። ታዝዤ የተቀጣሁ ሰው ነኝ። ጥሪውን ችላ ብለው አሮጌውን ታርጋ ይዘው የቀሩት ጎረቤቶቼ ያንን መንገድ በዚያው ሳምንት ያለ አንዳች ችግር ተመላልሰውበታል፤ አሁን በጅማ ከተማ ሠሌዳውን ለመቀየር የሚያስብ ባለ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን ነው፤ የደረሰብኝን ሰምቶ ይመለሳል። ሕዝቡ አዲሱን ሠሌዳ ለምን እንዳልተቀበለው ጽሕፈት ቤትዎ የሚመረምር ከሆነ፣ ቢያንስ በእኛ ከተማ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በመልኩ የሚከራከሩት ሰዎች ተከራክረው ይለምዱታል። አሮጌውን ፈትቶ አዲሱን አለመስጠትን ግን የሚለምደው ሰው አይኖርም።

ሕጉን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ሠሌዳ የመለጠፍን ግዴታ በእኔ ላይ ሲጥል፣ ሠሌዳውን የመስጠትን ሥራ ደግሞ በመዝጋቢው አካል ላይ ጥሏል፤ ሁለቱ ተያይዘው የሚሄዱ ናቸው፤ የእናንተ ድርሻ ሳይፈጸም የእኔ ሊፈጸም አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። ሠሌዳው መቼ እንደሚደርስ፣ ለምን እንደዘገየ፣ በጅማ ስንት ሰው በወረቀት እንደሚነዳ በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ተለጥፎ አላየሁም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አዲሱ ሠሌዳ በእጃችሁ ሳይገባ የማንንም አሮጌ ሠሌዳ አትፍቱ። አሁን በወረቀት ለምንነዳው ሰዎች አሮጌውና አዲሱ ቁጥር ጎን ለጎን በማይለቅ ኅትመት የሰፈረበት፣ የሚያረጋግጥ ስልክ ያለበት ማስረጃ ስጡን፤ ለኬላዎች፣ መሸኛ ለሚጽፈው መሥሪያ ቤት፣ ለኢንሹራንስና ለባንኮችም ይኸው በደብዳቤ ይነገራቸው። በእኔ ጉዳይ ደግሞ፣ የተቀጣሁት በእናንተ ወረቀት ምክንያት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ለቀጣው አካል ጻፉልኝ፤ ቅጣቱ እንዲነሣልኝ የማመለክተው በእርሱ ነው። የቅጣቱ ደረሰኝ፣ የሁለቱ መሸኛዎች ቅጂና የረጠቡት ጆንያዎች ፎቶግራፍ ከሦስተኛው ደብዳቤ ጋር ተያይዘው ገብተዋል።

መኪናዋ ከዚያ ጉዞ ከተመለሰች ጀምሮ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች። ሾፌሬ ሌላ መኪና ላይ ተቀጥሯል፤ ረዳቴ ግን እስካሁን በየማለዳው እየመጣ «ታርጋው መጣ ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ከእርስዎ የምፈልገው መልስ በጽሑፍ እንዲሆን እጠይቃለሁ፤ ስሜና አድራሻዬ በሦስቱም ደብዳቤዎች ላይ ይገኛሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጭነት መኪና ባለቤት
ጅማ