ይድረስ ለአባባ፦ በቱሳን በረሃ አንድ ቀን እንዴት ይዋላል

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። «ብቻህን መኪና ይዘህ በረሃ ውስጥ ምን ልትሠራ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ስልኩ ስለተቆራረጠ አሁን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ። የአሰብን መስመር ለነዳ ሰው ስለ ሙቀት ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ነው፤ ቢሆንም እዚህ አሜሪካ የአሪዞና በረሃ የራሱ ጠባይ አለው።

ቱሳን በሶኖራ በረሃ ውስጥ፣ 730 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰኔ ላይ ሙቀቱ 38 ዲግሪን ያልፋል፤ ስለዚህ የሚመረጠው ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው። በየትኛውም ወር ግን ፕሮግራም የምታወጣው ፀሐይ ናት። ማለዳ ሜዳው ላይ፣ ቀትር ተራራው ላይ፣ ከዚያ በኋላ ግድግዳው ወፍራም በሆነ ሕንፃ ውስጥ መገኘት ነው።

የጎማው ንፋስ የሚለካው መኪናው ባደረበት፣ ሳይሞቅ ነው፤ ልኩ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። መንገድ ላይ ሲግል ንፋሱ መጨመሩ ያለ ነው። ያኔ «በዛ» ብሎ ያስተነፈሰ ሰው ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ይሆንበታል፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ ይግልና ይፈነዳል። ስኮርታውም ይለካ። ባትሪን ከብርድ ይልቅ የሚጎዳው ሙቀት ስለሆነ ያረጀ ከሆነ አስቀድሞ ማስፈተሽ ነው። የሚጠጣ ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር፣ እሱም እጅ የሚደርስበት ቦታ እንጂ ከኋላ ሻንጣ ሥር አይደለም።

በማለዳ የሚኬደው ወደ ሳዋሮ ብሔራዊ ፓርክ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ለመኪና 25 ዶላር ይከፈላል፤ ደረሰኙ 7 ቀን ያገለግላል፣ ለምዕራቡ ክፍልም ይሠራል። በውስጡ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዞር አስፋልት አለ። ሳዋሮ የሚባለው የበረሃው ግዙፍ እሾሃማ ተክል ከእኛ ቁልቋል ጋር በመልክ ይመሳሰላል እንጂ ዘሩ ሌላ ነው፤ ቢቆረጥ ነጭ ወተት አያወጣም። ቀረብ ብለው ቢያዩት ግንዱ ከላይ እስከ ታች የተሸበሸበ ነው፤ ዝናብ ሲጠጣ እንደ አኮርዲዮን ይለጠጣል፣ ሲጠማው ይሰበሰባል። በ10 ዓመቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ክንድ ማብቀል የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ 50 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። 12 ሜትር የደረሰውን ሳይ እኔ ዕድሜውን ማስላት ይቀናኛል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ቾያ ከሚባለው አጭሩ ቁልቋል ነው። ጫፉ በትንሽ ንክኪ ተገንጥሎ ሱሪ ላይ ይሰካል። በእጅ ከነኩት እጁንም ይይዛል፤ ስለዚህ ማበጠሪያ ከሥሩ አስገብቶ ፈንጠር ማድረግ ነው። ማበጠሪያ ኪስ ውስጥ አይጠፋም።

ከዚያው ወገን ወደ ሌመን ተራራ የሚወጣው መንገድ ይነሳል። 43 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቋሉ እያለቀ ጥድ ይተካል፣ ሙቀቱም ከከተማው በ15 ዲግሪ ግድም ይቀንሳል። ላይ ያለችው መንደር፣ ሰመርሄቨን፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከአዲስ አበባ መሐል ትበልጣለች። ነዳጅ ከታች ሞልቶ መውጣት ይሻላል። አቀበቱ ላይ የሙቀት ጌጁ ከፍ ካለ ኤሲውን ማጥፋትና ሄተሩን እስከ መጨረሻ መክፈት ነው፤ የሞተሩን ሙቀት ይቀንሳል። ካልወረደ ዳር ይዞ መቆም ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን ግን እስኪበርድ አይነካም። ቁልቁለቱን እንደ ጣርማ በር፣ ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ በረዶ መንገዱን ሊዘጋው ስለሚችል ጠይቆ መነሳት።

ምሳ ከተማው ውስጥ ይበላል፤ ዩኔስኮ በ2015 የምግብ ጥበብ ከተማ ብሎ መዝግቧታል። ጾም ከሆነ በቂጣ የተጠቀለለ የቦሎቄ ቡሪቶ አለ፤ ቦሎቄው በአሳማ ስብ ሊሠራ ስለሚችል መጠየቅ ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሜክሲኮ ድንበር ከተማ ኖጋሌስ በሚወስደው 19 ቁጥር አውራ ጎዳና፣ ሳን ሃቪየር የሚባል የካቶሊክ ሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዚህ መንገድ ርቀት የሚጻፈው በኪሎ ሜትር ነው፤ የፍጥነት ወሰኑ ግን በማይል ነውና ማደባለቅ ቅጣት ያመጣል። ሚሲዮኑ በ1692 ተመሠረተ፤ የአሁኑ ሕንፃ ከ1783 እስከ 1797 የተሠራ ነው። ከሁለቱ ማማዎች አንዱ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። ዛሬም ይቀደስበታል፤ የሚገኘውም የአካባቢው ነባር ሕዝብ በሆኑት በቶሆኖ ኦኦዳም መሬት ላይ ነው። ለማታ ጌትስ ፓስ በሚባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት ነው፤ ማቆሚያው ስለሚሞላ አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይጠቅማል። እዚያው አካባቢ ያለውን የበረሃ ሙዚየም በዚያው ቀን ለመጨመር የሚሞክሩ አሉ፤ እሱ ለብቻው ግማሽ ቀን ስለሚፈልግ ይቅር።

እርስዎን የሚያሳስበው ግን አቧራውና ጎርፉ ይመስለኛል። ከፊኒክስ በሚመጣው መንገድ አቧራ ድንገት ከሸፈነ ከአስፋልቱ ጨርሶ ይወጣና፣ መብራት ሁሉ፣ ፍሬቻም ሳይቀር ይጠፋል፤ የእጅ ፍሬን ተይዞ እግር ከፍሬን ፔዳሉ ይነሳል። የኋላ መብራት ከበራ ከኋላ የሚመጣው መንገድ መስሎት ተከትሎ ይገጫልና። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ደረቁ ወንዝ በደቂቃዎች ይሞላል፤ መንገዱ የተዘጋበትን አጥር አልፎ ውሃ ውስጥ የገባ ሾፌር የነፍስ አድኑን ወጪ እንዲከፍል የአሪዞና ሕግ ያዛል።

ተራራው ላይ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ስላለ ስልኬ ባይነሳ አይደንግጡ። የምሄድበትንና የምመለስበትን ሰዓት ለእማማ ጽፌ እልካለሁ፤ ሰዓቱ በሁለት ሰዓት ካለፈ ለወንድሜ ይደውሉ፣ የመኪናው ታርጋ እሱ ጋ አለ።

ልጅዎ