ፓነሉ በእርዳታ፣ ባትሪው በእድር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለአቅመ ደካማ የቤት ባለቤቶች ሶላር ለማስገባት የተነሣ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘቡን በሙሉ ለተከላው ካዋለ፣ ድካሙ ከሦስት ዓመት አያልፍም። ፓነል በደንብ ከተተከለ 25 ዓመት ያገለግላል። ጄል ባትሪ (የእርሳስ ባትሪ ዓይነት ነው) ግን ሌሊት ሌሊት ሙልጭ እየተደረገ ከተሠራበት ሁለት ሦስት ዓመት ቢቆይ ነው። ያን ጊዜ ቤተሰቡ መግዣውን ከየት ያመጣል?

ከሁሉ በፊት «የመብራት ሒሳብ ይቀንስላችኋል» ብሎ ቃል መግባት ይቅር። አራት ባለ 7 ዋት አምፖልና አንድ ባለ 40 ዋት ቴሌቪዥን አምስት አምስት ሰዓት ቢበሩ፣ ስልክና ዋይፋይ ሲታከልበት በቀን 440 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ በወር 13 ኪሎ ዋት ሰዓት። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ታሪፍ ስለሚከፍል ቁጠባው እዚህ ግባ አይባልም። 3,500 ዋት ያህል የሚስበውን የእንጀራ ምጣድማ ይህ ሶላር አይሞክረውም። ጥቅሙ መብራት ሲጠፋ ነው፦ ልጆች ያጠናሉ፣ ቤቷ ልብስ የምትሰፋ እናትም ሥራዋ አይቋረጥም።

ለዚህ 200 ዋት ፓነል፣ 20 አምፔር ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር)፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪና 500 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር) ይበቃል። ሊቲየም ከጄል ይወደዳል፤ ግን በአግባቡ ከተያዘ ስምንት ዓመት ሊዘልቅ ስለሚችል እሱን እንመርጣለን።

ክፍያውን እንዲህ ብናደርገውስ? ፓነሉን፣ የጣሪያ ብረቱን፣ ሽቦውንና የእጅ ዋጋውን ድርጅቱ ይሸፍን። ባትሪውንና ኢንቨርተሩን ቤተሰቡ ያለ ወለድ በ24 ወር ይክፈል፤ ገንዘቡ ግን ወደ ድርጅቱ አይመለስ። የሰፈሩ እድር በተለየ ሒሳብ ይያዘው። እድር በየወሩ መዋጮ መሰብሰብ ያውቅበታል፣ ጸሐፊም ገንዘብ ያዥም አለው። ዕዳው ሲያልቅ የባትሪው ዋጋ ከስምንት ዓመቱ ለሚቀረው 72 ወር ተካፍሎ ለቀጣዩ ባትሪ ይጠራቀም። አርባ ቤት በአንድ ወር አይተከል፤ ባትሪው ሁሉ በአንድ ዓመት ሲያልቅ ሣጥኑ አይችለውም። በየስድስት ወሩ አሥር አሥር ቤት ቢሆን ባትሪዎቹ በየተራ ስለሚያልቁ ሣጥኑ ይችለዋል።

አራዳና ቂርቆስ ውስጥ ትልቁ ጠላት የፎቅ ጥላ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አልፎ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ስለዚህ በታኅሣሥ ጥላ ያልነካው ጣሪያ፣ በስተሰሜን ፎቅ ካለ፣ በሰኔ ሊጋረድ ይችላል። ባለሙያው ሁለቱንም ወቅት ያስላ። ከፓነል እስከ ባትሪ 10 ሜትር ከሆነ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 1.5 ቮልት ያህል በመንገድ ይበላል፤ 6 ካሬ ይዘርጋ። ፊውዙ ባትሪው ጎን ይቀመጥ። ኢንቨርተሩን ያለ ቼንጅ ኦቨር (አንዱን መስመር ሲያገናኝ ሌላውን የሚቆርጥ ማብሪያ) ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘት ኃይሉን ወደ ውጭው መስመር መልሶ ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ካውያና ስቶቭ እንደማይሰካበትም ለቤቱ ሰው ሁሉ ይነገር።

የኮሪደር ልማት ሰፈር በሚያነሣበት በዚህ ጊዜ ዕቃው በብሎን ተፈትቶ የሚሄድ ይሁን፤ የቤተሰቡ ንብረት መሆኑም በውል ይጻፍ።

ቆርቆሮ የሚበሳው ጉብታው ላይ፣ ከሥሩ ጤነኛ ሞራሌ ባለበት፣ ከጎማ ዋሸር ጋር ነው። ውኃ መውረጃው ላይ ከተበሳ ያፈሳል፤ ይህም የሚታወቀው ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ከተካዩ ክፍያ 10 በመቶው የመጀመሪያው ክረምት እስኪወጣ ይያዝ።

ከአክብሮት ጋር
በሶላር ተከላ የተሰማራን ባለሙያዎች፣ ከአራት ኪሎ