በልጆች ልብ ላይ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ሩማቲክ አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቮችን (የደም መተላለፊያ በሮችን) ስለሚጎዳው ስለ ሩማቲክ የልብ በሽታ ደጋግማችሁ መጻፋችሁ ተገቢ ነው፤ በአገራችን ብዙ ልጆችን የሚጎዳ በሽታ ነውና። ይሁን እንጂ ስሙ ገንኖ በመውጣቱ፣ ሲወለዱ ጀምሮ ሌላ የልብ ችግር ያለባቸው ልጆችም በእሱ ስም እየተመዘገቡ ዓመታት ስለሚያልፉባቸው፣ ብዙም ስለማይነገርለት አንድ ሕመም ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ሕመሙ አኦርታ ከቫልቩ በላይ ከልደት ጀምሮ መጥበቡ ነው። ደምን ከግራው የልብ ክፍል ተቀብሎ ለመላው ሰውነት የሚያከፋፍለው ይህ ዋና ደም ወሳጅ ቧንቧ በእያንዳንዱ የልብ ምት የሚለጠጠውና የሚመለሰው ኢላስቲን በሚባል ፕሮቲን ምክንያት ሲሆን፣ በ7ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው የኢላስቲን ዘረመል ሲጎድል ወይም ሲበላሽ ግድግዳው ይወፍራል፤ መተላለፊያውም ይጠብባል። ችግሩ ከወላጅ ሊወረስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1961 የኒውዚላንድ ሐኪሞች የገለጹት ዊሊያምስ ሲንድሮም የተባለ ከልደት የሚመጣ የዘረመል ችግር ባለባቸው ልጆች ላይም በብዛት ይታያል፤ እነዚህ ልጆች በትምህርት ዘገም ቢሉም ከሰው ጋር ቶሎ የሚግባቡና የሚወደዱ ስለሆኑ ልባቸው ታሟል ብሎ የሚጠረጥር እምብዛም አይገኝም።

በቅርቡ ያየኋት የ8 ዓመት ልጅ፣ በሌላ ቦታ «ልቧ ላይ ድምፅ አለ» ተብላ እንደ ሩማቲክ ሕመምተኛ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ስትወጋ የቆየች ናት፤ የልብ አልትራሳውንድ ግን አንድም ጊዜ አልታየችም። እናቷ «ሲስተር፣ ዳገት ላይ ቁጭ ትልብኛለች፤ መርፌውም ጠብ አላለላት» አሉኝ። ከደረት አጥንቷ በላይ፣ ከአንገቷ ሥር ባለው ጎድጓዳ ቦታ ጣቴን ሳሳርፍ፣ ወፍጮ እየሠራ የቤቱን ግድግዳ እንደ መንካት ይንቀጠቀጥ ነበር። የደም ግፊቷን በሁለቱም ክንዶች ስለካ ደግሞ የቀኙ ከግራው በግልጽ በለጠ። ይህ የሚሆነው በጠባቡ ቦታ ተወርውሮ የሚያልፈው ደም የቧንቧውን ግድግዳ ተከትሎ በብዛት ወደ ቀኝ ክንድ ስለሚያመራ ነው። ይህ የግፊት ልዩነት በሽታው ያለበት ልጅ ሁሉ አይኖረውም፤ ሲገኝ ግን የግፊት መለኪያ ብቻ ባለው ጤና ጣቢያ እንኳ ሊታለፍ የማይገባው ምልክት ነው። ልጅቷ አዲስ አበባ ተልካ በአልትራሳውንድ ተረጋግጦላት አሁን የቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቀች ናት።

ይህን ጥበት የሚያሰፋ ኪኒንም መርፌም የለም። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በፊኛ መለጠጡም አብዛኛውን ጊዜ አይሳካም፤ ስለዚህ ጥበቱ ሲጠና መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። የልብንና የሳንባን ሥራ ማሽን ተረክቦ ልቡ እንዲቆም ከተደረገ በኋላ፣ ሐኪሙ ጥበቱን አቋርጦ ቧንቧውን በቁመቱ ይቀድና በቅዱ ላይ ቧንቧውን የሚያሰፋ ቁራጭ (ማስፊያ) ይሰፋበታል። መጀመሪያ የተሳካው እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ሲሆን፣ ከቫልቩ በላይ ካሉት ሦስት ከረጢቶች አንዱን ብቻ በአንድ ማስፊያ የሚያሰፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ዶቲ የተባሉ ሐኪም ሁለቱን በአንድ ባለ ሁለት እግር ማስፊያ፣ በ1988 ደግሞ ብሮም የተባሉ ሐኪም ቧንቧውን አግድም ቆርጦ ሦስቱንም በየራሳቸው ማስፊያ የሚያሰፉበትን ዘዴ አሳወቁ። እኔን የሚገርመኝ ጥንቃቄው ነው፤ ቫልቩ በትክክል የሚገጥመው የሦስቱ ከረጢቶች ቅርጽ ሲጠበቅ ስለሆነ መስፋቱ ብቻ በቂ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ልብን ራሱን የሚመግቡት ደም ሥሮች የሚነሡት ከጥበቱ በታች በመሆኑ ከፍተኛውን ግፊት ይሸከማሉ፤ አፋቸውም ሊጠብብ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሕመሙ ያልታወቀበት ልጅ ለቶንሲል፣ ለጥርስ ወይም ለሌላ ቀላል ለሚባል ሕክምና ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጠው ልቡ በድንገት ሊቆም ይችላል። ልቡ ላይ ያልተለመደ ድምፅ የሚሰማበት ልጅ ሳይመረመር ማደንዘዣ ሊሰጠው አይገባም።

በሩማቲክ በሽታ መያዛቸው የተረጋገጠ ልጆች የወር መርፌያቸውን በምንም ምክንያት እንዳያቋርጡ አደራ እላለሁ። የምጠይቀው ሳይረጋገጥ ዓመታት እንዳያልፉ ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ ወይም ከአጣዬ ልጅ ይዞ አዲስ አበባ መመላለስ ለገበሬ ቤተሰብ በሬ እስከ መሸጥ ያደርሳል። ስለዚህ የዞኑ ጤና መምሪያ የልጆች ልብ ሐኪም ከነአልትራሳውንዱ በታወቀ ቀን ወደነዚህ ከተሞች ሆስፒታሎች የሚመጣበትን ፕሮግራም እንዲያወጣ፣ እናንተም የሚሰጠውን መልስ በጋዜጣችሁ እንድታስነብቡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንዲት ነርስ
ከመንዝ፣ ሰሜን ሸዋ