ታንኩ ያለው ከለምለሙ ሣር ሥር አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም የቤት ፍሳሽ ስለሚጠራቀምበት መሬት ውስጥ የተቀበረ ሣጥን፣ አያያዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ በጉጉት፣ ቀጥሎ በንዴት። ቅባት አታፍስሱ፣ እርጥብ መጥረጊያና የሕፃን ዳይፐር ሽንት ቤት ውስጥ አትጣሉ ማለታችሁ ትክክል ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ታንኩ የት እንደተቀበረ የማያውቅ ሰው ምን ያድርግ የሚለው ላይ ስትደርሱ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፋችሁት። ግቢው ውስጥ ሣሩ ከሌላው ቦታ ለምልሞ የታየበትን ቆፍሩ፣ ታንኩ እዚያ ነው አላችሁ። ሌላ ምንም አልጨመራችሁም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እኔ ከዓመታት በፊት ልክ እንደዚያ አድርጌ ዋጋዬን አግኝቻለሁና።

ቤታችንን ያሠራው ባለቤቴ ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር ቆሞ ያየው፣ ክዳኑ ሲገጠም የነበረው፣ አፈሩ ሲመለስበት ያዘዘው እሱ ነው። እሱ ሲያርፍ ታንኩ ያለበት ቦታ አብሮት ሄደ። እኔ ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። ባልና ሚስት ስንት ነገር ሲያወሩ ይኖራሉ፣ ስለ ፍሳሽ ጉድጓድ ግን ማን ያወራል? አንድ ቀን ጠዋት የወጥ ቤቱ ማጠቢያ ጉር ጉር ማለት ጀመረ። ከሰዓት ገላ መታጠቢያው ወለል ላይ ጥቁር ውሃ ተመልሶ ወጣ። መምጠጫ መኪና ጠራሁ። ሾፌሩ ቱቦውን ዘርግቶ «ክዳኑ የት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጠቅልሎ ሄደ።

ያኔ ነው አንድ የሚያውቅ ነኝ ባይ እናንተ የጻፋችሁትን ቃል በቃል የነገረኝ። ሁለት የቀን ሠራተኞች አመጣሁ። የግቢው ጫፍ ላይ ደረቅ ወር ሳይነካው ደምቆ የሚታይ የሣር መስመር ነበር፤ እዚያ ላይ አንድ ቀን ተኩል ቆፈሩ። በሁለተኛው ቀን ዶማው አንድ ነገር በጥሶ ገባ፤ ጥቁር ሽታ ያለው ውሃ ጉድጓዱን ሞላው። የተበሳው ታንክ አልነበረም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ጠጠር ላይ የተኛ ፕላስቲክ ቱቦ ነበር፤ ከታንኩ የወጣው ውሃ ወደ አፈሩ የሚሰርግበት ማስረጊያ ቱቦ። ታንኩ ራሱ ከዚያ 12 ሜትር ያህል ወደ ቤቱ ተጠግቶ ቆይቶ ተገኘ። የት መሰላችሁ? መኪናዬን በየቀኑ የማቆምበት ቦታ ሥር። ክዳኑ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ነበር። ልጆቼን ይዤ ስገባና ስወጣበት የኖርኩት እዚያ ላይ ነው።

አሁን በእርጋታ ልከራከራችሁ። ሴፕቲክ ታንክ በግድግዳው በኩል ውሃ የማያስገባና የማያስወጣ ሣጥን ነው፤ ወይም መሆን አለበት። ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ በአንድ በኩል ይገባል። ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱና አረፋው ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሀል ያለው ጠራ ያለ ውሃ በሌላኛው በኩል ወደ ማስረጊያው ይወጣል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የያዘው ውሃ ሣሩን የሚያገኘው እንግዲህ ማስረጊያው ጋ ነው። ጤነኛ ታንክ ከላዩ ላለው ሣር አንዲት ጠብታ አይሰጥም። እንዲያውም ክዳኑ ላይ ያለው አፈር ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ በደረቅ ወቅት ከሌላው ቀድሞ ቢጫ የሚሆነው ታንኩ ላይ ያለው ሣር ነው። እናንተ ለምለሙን ቆፍሩ ስትሉ ሰውን ከታንኩ አርቃችሁ ቱቦው ላይ ላካችሁት።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ከታንኩ በላይ ያለው ሣር በእርግጥ ለምልሞ ከተገኘ ታንኩ ተሰንጥቋል ወይም ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ማስረጊያው ላይ ያለው ሣር ከልክ በላይ ከደመቀ፣ መሬቱ ሲረግጡት ረግረግ ካለ፣ አፈሩ ውሃ መቀበል አቅቶታል። የኔ ግቢ ሣር የታመመ ማስረጊያ ሣር ነበር። በኋላ ታንኩ ሲከፈት እንዳየነው መውጫው ላይ ያለው ቲ፣ ማለትም የT ቅርጽ ያለው ቱቦ፣ ተሰብሮ ታንኩ ውስጥ ወድቋል። የቲው ሥራ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት ወደ ማስረጊያው እንዳይሄድ ማገድ ነው። እሱ ከሌለ ቅባቱም ዝቃጩም ተያይዘው ወጥተው የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ለማስጠንቀቂያ የተሰጠንን ምልክት እናንተ የአድራሻ ምልክት አደረጋችሁት። ይህ ለእናንተ ትንሽ ስህተት ነው?

ቀጥሎ ያበሳጨኝ «የቤቱን ፕላን ተመልከቱ» ያላችሁት ነው። ፕላን ያለው ይመልከት፣ እሰየው። ጽሑፋችሁ ግን ሰው ሁሉ የቤቱን ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ አጣጥፎ ያስቀመጠ ይመስል ነው የሚያወራው። ቤት የወረሰው፣ ከሦስተኛ ሰው የገዛው፣ ተከራዩ፣ ባሏን የቀበረችው፣ ወረቀት ሳይኖር በግንበኛ ቃል የተሠራ ቤት ውስጥ የሚኖረው የት ገባ? እኛ ነን ታንኩ የት እንዳለ የማናውቀው፤ ፕላን ያለውማ መጀመሪያውኑ የእናንተን ጽሑፍ አይፈልግም ነበር። ደግሞ ፕላን ላይ የተሳለው መቆፈር ከመጀመሩ በፊት የታሰበው ነው። ቆፋሪው ዐለት ሲያጋጥመው ሁለት ሜትር ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፤ ወረቀቱ አብሮት ፈቀቅ አይልም።

የሚፈለገው ከሣር አይደለም፣ ከቤቱ ነው። ፍሳሽ የሚወጣበት ዋናው ቱቦ በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደሚወጣ እዩ፤ ሽንት ቤቱ ያለበት ግድግዳና ወደ ላይ የወጣው የአየር ቱቦ ብዙ ጊዜ ይነግሯችኋል። መታጠፊያ የበዛበት ቱቦ ስለሚደፈን ሠራተኛ በተቻለ መጠን ቀጥ አድርጎ ነው የሚወስደው። ቁልቁለቱ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 10 ሜትር ከሄደ 20 ሴንቲ ሜትር ጠልቋል ማለት ነው። ታንኩ አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳው ከ3 እስከ 8 ሜትር ባለው ውስጥ ይገኛል።

የኔን ያገኘልኝ አንድ ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ግድግዳው ሥር ካለችው ትንሽ ማንሆል የተደፈነ ቱቦ የሚከፍትበትን ተጣጣፊ ሽቦ እያሽከረከረ አስገባ። ሽቦው እየጎረበጠው ሲሄድ ቆየና ድንገት እጁ ላይ ቀለለው። እዚያው ያዘው፣ ጨርቅ አሰረበት፣ መልሶ አወጣና በሜትር ለካው፤ 6 ሜትር ከ40። ያንኑ በመሬቱ ላይ ለካና ቆመ። የቆመው መኪናዬ የዘይት ጠብታ ያስቀረበት ቦታ ላይ ነበር። ከዚያ መሬቱን ውሃ አጠጥቶ ቀጭን የብረት ዘንግ በሁለት እጁ እየተጫነ ያስገባ ጀመር። በመዶሻ አልመታም፤ ታንኩ ፕላስቲክ ቢሆን ይበሳል፣ የመብራት ገመድ ወይም የውሃ መስመርም ሊኖር ይችላል። ድንጋይ ሲያገኝ ዘንጉ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ድምፁም ቀጭን ነው። ክዳኑን ሲያገኝ ግን ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከሥር «ዱም» የሚል ባዶ ድምፅ መጣ። ግማሽ ሜትር ፈቀቅ እያለ ዳር ዳሩን ፈልጎ አራት ችካል ተከለ። በስፋት 1.5፣ በርዝመት 2.5 ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን ወጣ። ከመጀመር እስከ መጨረስ ከሁለት ሰዓት በላይ አልፈጀበትም። የኔ ቀን ተኩል ቁፋሮና የተሰበረው ቱቦ ትዝ አሉኝ፤ አለቀስኩ ብላችሁ አትመኑ ይሆናል፣ ግን አለቀስኩ።

ስለ ክዳኑ አከፋፈት የጻፋችሁትንም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ክዳኑን አንስታችሁ ጎንበስ ብላችሁ ውስጡን እዩ አላችሁ። እባካችሁ ይህን ለሰው አትንገሩ! ታንክ ውስጥ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ። መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛልና ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሽታው ጠፋ ብሎ ጭንቅላቱን ያስገባ ሰው እዚያው ይወድቃል። ሊያወጣው የገባው ደግሞ በላዩ ላይ ይወድቃል። ሚቴንም አለ፤ ክብሪትና ሲጋራ አጠገቡ አይደርስም። ስልክም ይውደቅ ወርቅም ይውደቅ፣ ወደ ታንክ አይገባም፤ የወደቀው ሰው ከሆነ ደግሞ ማስወጫ መሣሪያና የአየር መተንፈሻ ያለው ባለሙያ ይጠራል። ክዳን ተከፍቶ ለአንድ ደቂቃም ያለ ጠባቂ አይተውም፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ይህን መናገር እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ዱቄቱን በተመለከተ አጭር ልናገር። በየወሩ የባክቴሪያ ዱቄት የጨመረ ሰው ማስመጠጥ አያስፈልገውም የሚለውን ከየት አመጣችሁት? ባክቴሪያው ከእኛው ከሰዎቹ በየቀኑ በነፃ ይገባል። የማይበሰብሰው ነገር ደግሞ የትም አይሄድም፣ እታች ይከማቻል። አንድ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ማስመጠጥ ያስፈልገዋል፤ ሰው ከበዛ ወይም ታንኩ ትንሽ ከሆነ ቶሎ ይደርሳል። እኛ ቤት 11 ዓመት ሳይመጠጥ ኖሯል።

መገመትም አያስፈልግም፣ ይለካል። ሽማግሌው ያደረገው ይኸው ነው። ረጅም እንጨት ላይ ነጭ ፎጣ ጠቅልሎ አሰረ። ራሱን አርቆ ቆሞ በክዳኑ ቀዳዳ ታንኩ ወለል እስኪነካ ድረስ ቀስ ብሎ አወረደው፣ ጥቂት አቆይቶ መዘዘው። ውሃው ከፎጣው ላይ ሲወርድ ዝቃጩ የነበረበት ክፍል ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ እስከየት እንደደረሰ ማንም ያያል። ዝቃጩና ተንሳፋፊው ተደምረው ከታንኩ የውሃ ጥልቀት ሩቡን ካለፉ ጊዜው ደርሷል። የኛ ፎጣ ከግማሽ በላይ ጥቁር ነበር። መኪናው ሲመጣም በጠባቡ መመልከቻ ሳይሆን በትልቁ ክዳን በኩል እንዲመጥ አደረገ፤ በጠባቡ ሲሆን ውሃው ይወጣል፣ ዝቃጩ ይቀራል። ለባክቴሪያው ዘር ትንሽ ይተው የሚል ሠራተኛ ቢገጥማችሁም ሁሉንም አስወጡ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፤ መሬቱ ውሃ በጠገበበት ጊዜ ባዶ የተደረገ ፕላስቲክ ታንክ ከመሬት ተነስቶ ሊንሳፈፍ ይችላል።

አሁን መኪናዬን ሌላ ቦታ አቆማለሁ። የተሰነጠቀው ክዳን ተቀይሯል፣ ቲውም እንደዚያው። ማስረጊያው ግን ግማሹ ሞቶ እንደገና መሠራት ነበረበት፤ ከሁሉም ያከሰረኝ እሱ ነው። ከቤቱ ሁለት ማዕዘኖች እስከ ክዳኑ መሀል ያለውን ርቀት ለክቼ በወረቀት ላይ ንድፉን አውጥቼ፣ መጨረሻ የተመጠጠበትን ቀን ጽፌበት፣ የቆጣሪው ሣጥን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለሦስቱም ልጆቼ አንዳንድ ቅጂ ሰጥቻለሁ።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ስፋት፣ ሦስት ነገር አርሙ፤ ሣሩን፣ ጎንበስ ብሎ ማየቱንና ዱቄቱን። ከሦስቱ ለአንዱ ብቻ ቦታ ካላችሁ ጎንበስ ብሎ ማየቱን አስቀድሙ፤ ጽሑፋችሁን ያነበበ ሰው ነገ ክዳኑን ሊከፍት ይችላል።

አንዲት የዘወትር አንባቢያችሁ