አንድ አግዳሚ፣ አራት እጅ፦ የሙዚቃ አድማጮች ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበብ ዘገባ በቁጥር መጀመሩ የተለመደ ነውና እኔም በቁጥር ልጀምር። በጥቅምት 31 ተማሪዎች ተመዘገቡ፤ ሰኔ ላይ የቀሩት 14 ናቸው። ከሄዱት አብዛኞቹ የሄዱት በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የምናደምጠው የሩሲያ ሕዝብ ዜማዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለፒያኖ የተቀናበሩበትን መንገድ መሆኑን በነገርኳቸው ማግስት። አልፈርድባቸውም። አንዱማ በጨዋ ደንብ መጥቶ «ቲቸር፣ እኔ ዘፈን የምንሰማ መስሎኝ ነበር» አለኝ። የምንሰማው ዘፈን ነው አልኩት። አላመነኝም።

ለምን ሩሲያ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ በፒያኖአችን ምክንያት። የሙዚቃ ክፍሉ ያለው አንድ አሮጌ ፒያኖ ነው፤ ከመካከለኛው በታች ያለች አንዲት ቁልፉ ድምፅ ከሰጠች ቆይታለች። ትንሽ ትንሽ መጫወት የሚችሉ ልጆች ግን ሁለት ነበሩ፤ አንዷ የ9ኛ፣ አንዱ የ11ኛ ክፍል። ለሁለት ሰው በአንድ ፒያኖ የሚሆን ነገር ስፈልግ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ፒዮትር ቻይኮቭስኪ በ1868 እና 1869 ያቀናበራቸውን 50 የሩሲያ ሕዝብ ዘፈኖች አገኘሁ። (የሩሲያ ነገር ሲነሣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአራት እጅ መጫወት የዚያ ዘመን የቤት ሙዚቃ ነበር። ሬዲዮ ሳይኖር፣ ሸክላ ሳይታተም፣ አዲስ ሙዚቃ የሰማ ሰው ቤቱ ሊደግመው ሲፈልግ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ይቀመጥ ነበር። እኛም ከአዳራሹ አንድ አግዳሚ ተሸክመን አመጣንና ጀመርን።

መጀመሪያ የሰማነው ካማሪንስካያን ነው። አጭር የጭፈራ ዜማ ናት፤ ተጀምራ ሳትሞቅ ታልቅና እንደገና ትጀምራለች። ሌላው ሩሲያዊ የሙዚቃ ደራሲ ሚኻይል ግሊንካ በ1848 ለኦርኬስትራ ሲያዘጋጃት ዜማዋን አልነካም፤ ዙሪያዋን ብቻ እየለዋወጠ ደጋገማት። ቻይኮቭስኪ በማስታወሻው የሩሲያ ሲምፎኒ ሁሉ በዚህች ሥራ ውስጥ እንዳለ፣ ዛፉ በፍሬው ውስጥ እንዳለው ዓይነት መሆኑን ጽፏል። ራሱም በ1878 ለልጆች ባሳተማቸው 24 የፒያኖ ቁርጥራጮች ውስጥ አስገብቷታል። ልጆቹ ወዲያው ወደዷት። ደጋግሞ መመላለስ ለእኛ ጆሮ ምን እንግዳ ነው? ሠርግ ቤት ያደገ ልጅ ዜማው አንድ ሆኖ ድምቀቱ የሚጨምርበትን ነገር ሳይነግሩት ያውቀዋል።

ስለ ሃንጋሪያዊው ፒያኖ ተጫዋች ፍራንዝ ሊዝት ረጅም አልጽፍም። በ1842 ወደ ሩሲያ ሄዶ ሳለ የሩሲያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የአልያብዬቭን «ናይቲንጌል» ዜማ ለፒያኖ አዘጋጅቶታል፤ በሌሊት ስለምትዘምር ወፍ የተዘፈነ ነው። ዜማው የሕዝብ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ አልያብዬቭ በእስር ላይ ሳለ የደረሰው ነው ይባላል። ሊዝት በሚያንቀጠቅጥ ጣት ወፏን እስከ ጣሪያ ያወጣታል። ያንን ሳምንት ሁለት ልጆች ጣት ማየት ስለሚወዱ በደስታ ሰከሩ፤ የቀሩት ዜማው የት እንደገባ ጠየቁኝ። እኔ ከቀሩት ወገን ነኝ።

ዓመቱን የበላው ግን «ቫንያ» ነው።

በ1869 በጋ ቻይኮቭስኪ ዩክሬን ውስጥ ካሜንካ በምትባል ቦታ እኅቱ ቤት ነበር። እዚያ ቤት የሚሠራ አንድ ሠራተኛ እየሠራ ሲያንጎራጉር ሰማና ይህን የ«ቫንያ»ን ዜማ ጻፈው። አናጺ ነበር የሚሉ አሉ፤ ምድጃ ሠሪ ነበር የሚሉም አሉ። ዜማው በ50ዎቹ ዘፈኖች ውስጥ ገባ፤ በ1871 ደግሞ የመጀመሪያው የክር ኳርቴቱ (ለአራት የክር መሣሪያ የተጻፈ ሙዚቃ) ሁለተኛ ክፍል ሆነ። በ1876 መጨረሻ ሞስኮ ውስጥ ለልብ ወለድ ጸሐፊው ለሌቭ ቶልስቶይ ክብር በተዘጋጀ ምሽት ይህ ክፍል ሲጫወት ቶልስቶይ ከቻይኮቭስኪ አጠገብ ተቀምጦ አለቀሰ። ቻይኮቭስኪ ከአሥር ዓመት በኋላም አልረሳውም፤ በሕይወቴ እንደዚያ የተከበርኩበት ጊዜ የለም ብሎ በማስታወሻው አስፍሮታል።

ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዷ ልጅ የዘፈኑ ግጥም ምን እንደሚል ጠየቀች። ጥያቄው እንደማይቀር አውቄ ስፈራው ነበር። ግጥሙ ቫንያ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ብርጭቆው ውስጥ ሩም እየቀዳ፣ ግማሽ ሳይሞላ ካትያን አስጠራት ነው የሚለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ታላቁ ሰውዬ ያለቀሰው ለዚህ ነው? ሳቁ ሲበርድ ያው የ9ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ አለች፦ «አያቴ ቡና ስታፈላ የምታንጎራጉረው ግጥሙ ቀልድ ነው፤ ዜማው ግን ያስለቅሳታል።» ከዚህ በኋላ እኔ የምጨምረው አልነበረም፤ ደብተሬን ዘጋሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዜማውን በጭብጨባ ልንይዘው ሞከርንና አልተያዘም። ሁለት ሁለት ይልና ድንገት ሦስት ይሆናል፤ እንደገና ሁለት። ያጨበጨበው ሁሉ የተለያየ ቦታ ወደቀ። ከዜማው ጋር ትክክል የወደቀው ማጨብጨብ ትቶ አብሮ ያንጎራጎረው ልጅ ብቻ ነው። ሩሲያውያን የሚጎተት፣ የሚረዝም የሚሉት የዘፈን ወገን አላቸው፤ ፕሮትያዥናያ ይሉታል። ትንፋሽ እንጂ ምት አይመራውም። ፒያኖ ደግሞ ትንፋሽ የለውም። ይህንን በሙከራ አየነው፦ አንዱ ቁልፍ ተጭኖ እንዲይዝ፣ አንዷ ያንኑ ድምፅ በአፏ ከቀስታ ጀምራ እያጎላች እንድትሄድ አደረግን። የእሷ ድምፅ እያደገ ሄደ፤ የፒያኖው መዶሻ ክሩን ከመታ ጀምሮ መክሰም እንጂ ሌላ መንገድ አልነበረውም። እንግዲህ እነዚያ ሁሉ አቀናባሪዎች የገጠማቸው ጣጣ ይህ ነበር። ሊዝት መክሰሙን ለመሸፈን ክፍተቱን በጣት ሞላው። ሌሎቹ ምን አደረጉ የሚለው የሁለተኛው መንፈቅ ጥያቄያችን ሆነ።

እዚህ ላይ ቶልስቶይ ተመልሶ መጣልን። ካለቀሰበት ምሽት በኋላ ለቻይኮቭስኪ የሕዝብ ዘፈኖች ስብስብ ልኮለት፣ በሞዛርትና በሃይድን መንገድ እንዲያቀናብራቸው፣ የቤትሆቨንንና የሹማንን መንገድ ግን እንዲተው ለመነው። ቻይኮቭስኪም በአክብሮት አመስግኖ አልችልም አለ። የጻፋቸው ሰው እጅ አልሠለጠነም፤ ዜማዎቹን በግድ እኩል በተቆረጠ ምት ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ የቀረው የጥንት ውበታቸው ምልክት ብቻ ነው፤ እንዲህ ሆነውስ ምን አደርጋቸዋለሁ አለው። ተማሪዎቼ በዚህ እምቢታ እጅግ ተደሰቱ። ደስታቸው ከሙዚቃው ይልቅ ለታላቅ ሰው እምቢ ማለት እንደሚቻል ከማወቅ ሳይሆን አይቀርም፤ ሆኖም ምክንያቱን በቃላቸው ይዘውታል።

ሌላውን ሩሲያዊ የሙዚቃ ደራሲ ሚሊ ባላኪሬቭን ያከበርነው በዚሁ ሚዛን ነው። በ1860 በጋ በቮልጋ ወንዝ ተጉዞ ዘፈን ለቀመ፤ በ1866 ደግሞ 40ውን ከፒያኖ አጀብ ጋር አሳተመ። የጀልባ ጎታቾቹ ዘፈን፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው «ኤይ ኡኽኔም»፣ እዚያ ውስጥ ነው። አጀቡ ቀጭን ነው፤ አንዳንድ ቦታ ግራ እጁ አንድ የታች ድምፅ ይዞ ዝም ይላል። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ «ይኼ ሰውዬ ሰነፍ ነው ወይስ ጎበዝ?» ብሎ ጠየቀ። ሊዝትን ለወደዱት ሁለት ልጆች ሰነፍ ነው፤ ለቀረነው ጎበዝ። ክርክሩ አራት ሳምንት ወሰደ፤ አላበቃምም።

በሚያዝያ የመንደር ሴቶች ያለ መሣሪያ ሲዘፍኑ የተቀዳ ድምፅ አሰማኋቸው። አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ግን እንደ እኛ ተቀባይ አንድ ሆነው አይደለም። እያንዳንዷ ዜማውን በራሷ መንገድ ይዛ ከዋናው ትወጣና መጨረሻው ላይ አንድ ድምፅ ላይ ይገናኛሉ። የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢዋ ኢቭጌንያ ሊንዮቫ ከ1897 ጀምሮ ፎኖግራፍ የሚባል የድምፅ መቅጃ ይዛ መንደር ለመንደር ስትዞር የሰማችው ይህንን ነው፤ በእርሳስ ሲጻፍ ያመለጠውን መቅጃው ያዘው። ልጆቹ የባላኪሬቭን መጽሐፍ መልሰው ሲያዩት ቅር አላቸው። አራት ሴቶች የት ሄዱ? አሥር ጣት ስንቱን ይይዛል ብዬ ተከላከልኩለት፤ ግን እነሱ ልክ ነበሩ። ለማስታረቅ ሩሲያዊው ሙሶርግስኪ በ1874 ለፒያኖ የጻፈውን «የሥዕል ኤግዚቢሽን» የተባለ ሥራ መክፈቻ አሰማኋቸው። ዜማው የራሱ ነው፤ ከሕዝብ አልወሰደውም። ግን አምስትና ስድስት ምት እያፈራረቀ መጀመሪያ አንድ ድምፅ ብቻውን ያወጣል፣ ቀጥሎ ሙሉ ኮርድ (በአንድ ጊዜ የሚመቱ ብዙ ድምፆች) ይቀበለዋል። «አውጪና ተቀባይ!» ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ። በዓመቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ የጮኹት ያኔ ብቻ ነው።

የወላጆች ቀን ላይ ሁለቱ ልጆች «ቫንያን» በአራት እጅ ተጫወቱ። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ «ዜማ፦ ከካሜንካው ሠራተኛ፤ ቅንብር፦ ፒ. ቻይኮቭስኪ» ተብሎ እንዲጻፍ ክበቡ በድምፅ ብልጫ ወስኖ ነበር። ወረቀቱ ታትሞ ሲመጣ የመጀመሪያው ግማሽ የለም። ልጆቹ የጠዋቱን ሰዓት በሙሉ ተቀምጠው በ120ውም ቅጂ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። ድምፅ አልባዋን ቁልፍ በተመለከተ የታችኛውን ክፍል የሚጫወተው ልጅ መፍትሔ አግኝቶላታል፦ ተራዋ ሲደርስ በአፉ ያንጎራጉራታል። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የሰማው ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ግን እጠብቃት ነበር።

ለመዝጊያ ልጁ ብቻውን ከ1878ቱ የልጆች መድበል «ባላገሩ አኮርዲዮን ሲጫወት» የሚለውን አጭር ቁርጥራጭ ተጫወተ። ባላገሩ ብዙ አይችልም፤ ሁለት ኮርድ ላይ ይመላለስና በመጨረሻ አንዱ ላይ ተቸክሎ ይቀራል። ቻይኮቭስኪም ወደ ቤቱ አይመልሰውም፤ እዚያው ኮርድ ላይ እየቀነሰ እየቀነሰ ይጠፋል። ልጁ ጣቶቹን ከቁልፎቹ አላነሣም። አዳራሹ ቀጣዩን ይጠብቃል፤ ማንም አላጨበጨበም። ከፊት እናቷ ጭን ላይ የተቀመጠች ሕፃን ጮክ ብላ «አለቀ?» አለች።

ልጁ ዞር ብሎ «አዎ» አላት። ያኔ ተጨበጨበ።