178ቱ የልብህ ላይሆን ይችላል

ይበልጣል ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰቡስ? የጅቡቲ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ከፋሲካ ወዲህ ድምፄን ማጥፋቴን አውቃለሁ፤ ስትመጣ ትወቅሰኛለህ። አሁን ግን ወደ ጭንቀትህ ልግባ፦ «ቀስ ብዬ እየሮጥኩ የእጅ ሰዓቴ የልብ ምቴን በደቂቃ 178 ይላል፤ ልቤ ታሞ ይሆን?» ብለሃል።

እየሮጥክ ሳትቆራርጥ ማውራት ከቻልክ፣ 178ቱ የልብህ አይመስለኝም፤ የእግርህ ነው። የእጅ ሰዓት ምት የሚቆጥረው በአረንጓዴ መብራት ከቆዳህ ሥር የሚያልፈውን ደም እያየ ነው። እጅህ በእርምጃህ ልክ ሲወዛወዝ ሰዓቱም አብሮ ይናጣል፤ ያን ንጠት የልብ ምት አድርጎ ይቆጥረዋል። እስቲ እየሮጥክ ቀኝ እግርህ መሬት ሲነካ ለ30 ሰከንድ ቁጠርና በ4 አባዛው። 44 ወይም 45 ከመጣ 176 ወይም 180 እርምጃ ነው፤ ሌባው ተያዘ። ከዚያ ቁምና ወዲያው ሁለት ጣትህን አንገትህ ጎን ላይ አድርገህ 10 ሰከንድ ቁጠር፤ በ6 አባዛ። 24 ካገኘህ ልብህ 144 ነው። ከ10 ሰከንድ በላይ አትቁጠር፤ ሰው ሲቆም ምቱ ቶሎ ይወርዳል። በጣትህም ቆጥረህ ቁጥሩ ያው ከሆነ፣ ደረትህን ከወጋህ ወይም ካዞረህ፣ ይህን ደብዳቤ ተወውና ሐኪም ጋ ሂድ።

ሰዓቱን ከአንጓህ አጥንት አንድ ጣት ከፍ አድርገህ ጠበቅ አድርገህ እሰረው። እምቢ ካለ የደረት ቀበቶ ግዛ፤ እሱ የሚያነበው የልብን ኤሌክትሪክ ነው። ከማሰርህ በፊት በውስጥ በኩል ያሉትን ሁለት ንጣፎች በውሃ አርጥባቸው። በደረቁ ካሰርከው ላብ እስኪመጣ ድረስ ይቀባጥራል፤ የናይለን ካናቴራም ሲነካካው እንዲሁ ያደርገዋል። ስትጨርስ መለኪያውን ከቀበቶው ንቀለው፤ ርጥበቱ ገና ደረትህ ላይ ያለ እያስመሰለው ባትሪ ይጨርሳል። ጨርቁን በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው፤ የላብ ጨው ነው የሚገድለው።

ቁጥሩ ከታመነ በኋላ ሁለት ነገር ያስፈልግሃል። አንደኛው የዕረፍት ምትህ ነው፦ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ፣ ከቡና በፊት፣ አምስት ቀን ቆጥረህ አማካዩን ያዝ። ሁለተኛው ከፍተኛው ምትህ ነው። ሰዓቱ 220 ሲቀነስ ዕድሜ ብሎ ይገምትልሃል፤ ግምቱ ግን ለአንድ ሰው ከ10 ምት በላይ ሊስት ይችላል። ሰውነትህ ልምምዱን ከለመደ በኋላ ስትመጣ እዚህ ባሕር ዳር በቤዛዊት ዳገት እንለካዋለን፦ 15 ደቂቃ ማሟሟቅ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ለ3 ደቂቃ ያህል ሽቅብ፣ የመጨረሻው ባለ በሌለ አቅምህ። ቀበቶው ያሳየው ትልቁ ቁጥር ያንተ ነው።

ለምሳሌ ዕረፍትህ 62፣ ከፍተኛህ 186 ቢሆን ልዩነቱ 124 ነው። የዚህን 60 እና 70 በመቶ ወስደህ 62 ስትጨምርበት 136 እና 149 ይመጣል። ቀላል ሩጫህ በእነዚህ መካከል ነው። 145 ላይ ሶምሶማው መራመድ እስኪመስልህ ቢያሳፍርህም ቻለው። በሳምንት አራት ቀን ከሮጥክ ሦስቱ እንዲህ ይሁኑ፤ የሁሉም ሰው ስሕተት ቀላሉን ቀን ማክበድ ነው። አጫጭር ፈጣን ሩጫ ላይ ግን ሰዓቱን አትይ፤ ልብ ከእግር በአንድ ሁለት ደቂቃ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ 400 ሜትሩ እስከዚያ ያልቃል።

ስትመጣ አንድ ነገር እንዳያስደነግጥህ። ከባሕር ጠረፍ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ስትወጣ፣ የመጀመሪያዎቹን አንድ ሁለት ሳምንታት በዚያው ፍጥነት ምትህ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ዝግ በል እንጂ የጅቡቲውን ፍጥነትህን አታሳድድ። ፀሐዩም ሌላ ነገር ነው፦ ላብ ሲወጣ ደም ይቀንሳል፣ የቀረውም ቆዳን ለማቀዝቀዝ ይሻማል፤ ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ስለሚያንስ ቶሎ ቶሎ ይመታል። በአንድ ሰዓት ሩጫ መጨረሻ ላይ ከ10 እስከ 15 ምት መጨመሩ ድክመት አይደለም። በጾም ቀን ውሃ ሳትቀምስ ከሮጥክማ ይብሳል።

ጠዋት ጠዋት መቁጠሩን አትተው። ከልማድህ በ7 ወይም በ8 ምት ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ከሰነበተ ዕረፍ። እዚህ እያለህ ትኩሳት ከታከለበት ደግሞ ጫማውን አስቀምጥና ለወባ ደምህን አስመርምር።

ለጥምቀት ከመጣህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ታንኳዎቹ ሳይበዙ፣ ሐይቁ ዳር ዘንባባዎቹ ሥር እንገናኝ። 5 ኪሎ ሜትር በ145 ምት፣ የፈጀውን ደቂቃ እጽፍልሃለሁ። ከአራት ሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ምት እንደግመዋለን፤ ደቂቃው ካጠረ ልምምዱም ከፍታውን መልመድህም ሠርተዋል። ቀበቶ ከገዛህ ሲአር 2032 የምትባለውን ትንሽ ክብ ባትሪ ሁለት ፍሬ ጨምረህ ያዝ፤ አንዷ ለእኔ ናት።

ወዳጅህ
ከባሕር ዳር